በጠበል የታጠበው ጨው

አንጉዬ፣ ሰላምታውን ቆይቼ አደርሳለሁ። መጀመሪያ ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ልንገርሽ፤ ካላወጣሁት ሌላው አይጻፍልኝም።

ሞጣ ነኝ፣ ልጃችን ቤት። ትናንት ከቢቸና በጭነት መኪና መጥቼ መደቡ ላይ አደርኩ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ከጓዳ ውኃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። አንገቴን አስግጌ ባይ የልጃችን አማት ወይዘሮ ጥሩዓለም ያንን እኔ በስንት መከራ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ የላክሁትን ጨው ወንፊት ላይ ዘርግተው በቅል ውኃ እያፈሰሱበት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። አንዱን ጫማ ብቻ አጥልቄ የሰው ጓዳ፣ ያውም ልጅ የሰጠሁበትን ቤት ጓዳ፣ ዘልዬ ገባሁና ወንፊቱን ከእጃቸው ነጠቅኋቸው። ግማሹ ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ቅሉ ተንከባሎ ምድጃው ሥር ገባ። ወይዘሮ ጥሩዓለም ግድግዳውን ተደግፈው፣ "ምን ነካዎ አቶ ታደገ፣ እባብ አዩ እንዴ?" አሉኝ። እኔ ወንፊቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ውኃው በሱሪዬ እየወረደ፣ "አይታጠብም፣ አይታጠብም" እል ነበር። ልጃችን የውብዳር ከኋላዬ መጥታ፣ "አባባ፣ ጓዳ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?" አለች። እንደ ማፈርም እንደ መሳቅም አድርጓት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሳቋ ያንቺው ነው፤ መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሚስቀው።

አሁን ሰላምታው ይድረስሽ። ከተለያየን አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ያሳብዳል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤት ስመለስ የዋልኩበትን ሁሉ አንድ በአንድ ላንቺ መቁጠር ለምጄ ነበር፤ ዛሬ የዋልኩበትን ደግሞ ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ቢቸና ያለውን የቤታችንን ወሬ ልንገርሽ። አንደኛ፣ ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ደግነቱ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለተኛ፣ ጌሾሽ አድጎ አጥሩን አልፏል፤ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ጠላ በጠመቁ ቁጥር እየቆረጡ ይወስዳሉ፣ እኔም ዝም ብያለሁ፤ እንጀራ የሚጋግሩልኝ እሳቸው ናቸውና። ሦስተኛ፣ እኔ ወጥ እሠራለሁ። አትሳቂ። በሩን ዘግቼ ነው የምሠራው፤ የአውራጃው ሰው ቢያየኝ ሌላ መዝገብ ይከፈትልኝ ነበር። ሽሮዬ መጀመሪያ ይጓጉል ነበር፣ አሁን ይፈሳል፤ መሐከሉን ገና አላገኘሁትም። አራተኛ፣ መዝገብ ቤቱ እንደተውሽው ነው፤ ፋይሉ ጨምሯል፣ መደርደሪያው አልጨመረም።

"አባ ዝርዝር" ስትይኝ ይሰማኛል። ልክ ነሽ።

ዋናው ጉዳይ የውብዳር ናት። አርግዛለች፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። መስከረም ላይ ቢቸና መጥታ ጠይቃኝ ነበር። ውኃ ይስጡኝ አለችና ሰጠኋት፤ ቀና ብላ ስትጠጣ ጉሮሮዋ ሥር እንደ ለጋ ሎሚ የመሰለ ነገር ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ኩባያውን ተቀብያት አጠብኩት፣ እንደገና አጠብኩት፤ ፊቴን እንዳታይብኝ ነው። ያንቺም እኮ እንዲህ ነበር የጀመረው፤ እሷን ስታረግዢ።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩን ፈንታን ታስታውሽዋለሽ፤ ያ መነጽሩን በክር ያሰረው። በጣቱ ዳብሶ፣ "ለስላሳ ነው፣ ገና ነው" አላት። ለኔ ደግሞ ለብቻዬ ዘርዝሮ አስረዳኝ፤ ዝርዝር እንደምወድ ያውቃል። የኛ ደጋ አፈር ስንት ዘመን በዝናብ ታጥቦ አዮዲን የሚባለው ነገር አልቆበታል፤ አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም፣ ውኃውም የለውም። አንገት የሚያብጠው ያንን የጎደለውን ፍለጋ ነው። እርጉዝ ስትሆን ደግሞ የምትበላው ለሁለት ነው፤ ካነሳት ለልጁም ያንሰዋል፤ ልጁ በሕይወት ቢወለድም ጆሮው ወይም አንደበቱ ወይም አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። "አዮዲን የገባበት ጨው ካገኙ ከዛሬ ጀምሮ ትብላ ጋሼ ታደገ" አለኝ።

አንጉዬ፣ ይህን ሲለኝ ያሰብኳቸው እነዚያን ሁለቱን ልጆቻችንን ነው፣ ተወልደው ድምፅ ሳያሰሙን የሄዱትን። የነሱም በዚህ ይሁን በሌላ ፈንታም አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ጨውን አገኘሁ። ያው የድሮው ሹፌር ነው ያመጣልኝ፤ ላንቺም ያመጣልን የነበረው። ከረጢቱም ያው ነው፣ መርከብ የተሳለበት። ሳየው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ይዤልሽ የመጣሁ ቀን አዮዲን አለው ብልሽ፣ "ቁስል ላይ የሚቀቡትን ወጥ ውስጥ? ሆዴ ቆስሏል ያለዎ ማነው?" አልሽኝ። ከዚያ አንድ ፍሬ ምላስሽ ላይ አድርገሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ "ኧረ ጨው ነው" ብለሽ ፈረድሽ። ስንዴ የሚያክል ነጭ ጨው ነበር። እንዴት እንደተንከባከብሽው። በሰፌድ ለቀምሽው፣ በውኃ ለቅለቅ አደረግሽው፣ ሰሌን ላይ ፀሐይ አስመታሽው፣ በብረት ምጣድ አመስሽው፣ ከጥቁር አዝሙድና ከኮረሪማ ጋር ፈጨሽው፣ ግማሹንም በርበሬው ውስጥ ጨመርሽ። ከእናትሽ እንደተማርሽው ነው፤ አሞሌውም ሌላው ጨውም በአጋሰስ ጀርባና በመኪና አቧራ የሚመጣ ስለሆነ ሳይታጠብና ሳይታመስ ለሰው አይቀርብም። እኔም ከጎንሽ ተቀምጬ አይ ነበር፤ ሽታው ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ ምን አውቄ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልብስ ሰፊው ሜትር እየተዋስኩ አንገትሽን እለካ ነበር። አንቺ በር ላይ ትቀመጪያለሽ፣ ቀና ትያለሽ። እናትሽ እንቅርት እንዳይወጣብሽ ብለው በልጅነትሽ ያስነቀሱሽ ሦስቱ መስመር እየተራራቁ ሄደው ነበር፤ "ንቅሳቴ ሰፍቶ እርሻ ሆነ፣ ግብር እንዳይጥሉብኝ" ትይ ነበር። እኔ ሁልጊዜ አንገትሽን እወደው ነበር፣ ከማበጡ በፊትም፣ በኋላም። ይህን ግን ነግሬሽ አላውቅም፤ የምነግርሽ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩንም ቀንሼ ነበር የምነግርሽ። ሲጨምር "እንዳለ ነው" እልሽ ነበር፤ እንዳለ ሲሆን "ቀንሷል" እልሽ ነበር። ልኩን የምመዘግብበት ደብተር ላይም እንዲያው ጻፍኩት፣ ብታይው ብዬ።

አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ካረፍሽ በኋላ ማተብሽን ሲሰጡኝ ሦስት ቦታ ተቀጥሎ አገኘሁት፤ አንገትሽ ላይ ሲጠብቅ በሌላ ክር እያስረዘምሽው። እኔ ሳይ "አርጅቶ ተበጠሰ" ብለሽኝ ነበር። አንቺም ለኔ ቀንሰሽልኝ ነበር ማለት ነው። ሁለታችንም ተዋሽተን ሁለታችንም ቅዳሜን ጠብቀን እንቀመጥ ነበር።

አሁን ከዚህ በፊት ለማንም ያላወራሁትን ልጽፍልሽ ነው። ጨውን በጀመርሽ በስድስተኛው ወር ፈንታ ጠርቶኝ ነበር። "አልዋሽዎትም ጋሼ፣ የወይዘሮ አንጓች የቆየ ነው፣ ውስጡ ጠጥሯል። ጨው እንዳይብስ ይረዳ ይሆናል እንጂ ይህን አያጠፋውም። የሚሻለው አዲስ አበባ ወስደው በኦፕራሲዮን ማስወጣት ነው፤ ትንፋሻቸውን ሳይዘጋባቸው" አለኝ። በዚያ ሰሞን የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ለኦፕራሲዮን ሄዶ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ቤት ስገባ ምስር እየለቀምሽ ነበር። "ምን አለ?" አልሽኝ። "ጨውን እንዳታቋርጪ ብሏል" አልኩሽ። ይህም ብሎ ነበር፣ ውሸት አይደለም። ሌላውን ግን ዋጥኩት። ቢላዋ አስፈራኝ። የሚቆረጠው ያንቺ አንገት፣ የሚፈራው እኔ።

ከዚያ ዓመት ተኩል አልፎ፣ ነሐሴ ላይ፣ ትንፋሽሽ እንደ ዋሽንት ሲያፏጭ ነው አዲስ አበባ እንሂድ ያልኩት። ያኔ ከቢቸና መኪና የሚባል አልነበረም፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ። ሰዎች ቃሬዛ አሰናድተው በእግር ደጀን አድርሰውሽ ከዚያ ዓባይ ድልድይን በአውቶቡስ ልትሻገሪ ነበር። ቃሬዛው ላይ ሊያስተኙሽ ሲሉ፣ "ሙሽራ ሆኜም እንዲህ ተሸክሞኝ የሄደ የለም" አልሽ። ከበሩ ሳትወጪ አረፍሽ።

የጨውን ስሕተት ያወቅኩት ካንቺ በኋላ ነው። ወጥ መሥራት ስጀምር ያንቺን አሠራር እያስታወስኩ ማጠብና ማመሱን ለፈንታ እንደ ሙያ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። አዮዲኑ ጨው ላይ የተለጠፈ ነገር ነው፣ ውኃ ያጥበዋል፣ ፀሐይና እሳት ያበነዋል፤ መታጠብ የለበትም፣ መታመስ የለበትም፣ ተከድኖ ይቀመጥና ወጡ ከወረደ በኋላ ይጨመራል አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የበላሽው እንደ ማንኛውም ጨው ነበር። ባይታጠብም ያንቺን አያጠፋውም ነበር፣ ይህን አሥር ጊዜ አስደግሜ ጠይቄዋለሁ። ግን እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ያ ውኃ ሲንቆረቆር ስሰማ ያሳበደኝ ይህ ነው።

ጥፋቱ የወይዘሮ ጥሩዓለም አይደለም። ጨውን የላክሁ ጊዜ ከመኪናው ረዳት ጋር ወረቀት አስይዤ ነበር፣ አምስት ነጥብ ጽፌ። አማቻችን አስተማሪ ነውና ያነብላቸዋል ብዬ። እሱም አነበበላቸው። አምስቱም ነጥብ ስለ አንገትና ስለ ፅንስ፣ ስንት ቁንጥር በቀን እንደሆነ ነው። አታጥቡ የሚል የለበትም። እኔ፣ አባ ዝርዝር የተባልኩት፣ ዋናውን ነጥብ ረሳሁት።

ደግሞ ውኃው ተራ ውኃ አልነበረም። ከድንጋጤያችን መለስ ስንል ወይዘሮ ጥሩዓለም እንዲህ አሉኝ፤ "አቶ ታደገ፣ የጊዮርጊስ ጠበል ነው እኮ። ጎህ ሲቀድ ሄጄ የቀዳሁት። ማን በምን እጁ እንደነካው የማይታወቅ የባሕር ማዶ ጨው ለነፍሰ ጡር እንዲሁ ላብላ? የመጀመሪያውንም ከረጢት በጠበል አጥቤ ነው የሰጠኋት።" እግራቸው እስከ ጉልበት ጤዛ ነበር። አንጉዬ፣ ለልጃችን ካላቸው ነገር ሁሉ የሚበልጠውን ነው ያፈሰሱበት። እናቷ ብትኖሪ ካንቺ ሌላ ማን ያደርገዋል?

ስለዚህ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ብዬ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳሁ፤ አፈሩን፣ ዝናቡን፣ እሳቱን። "አንደኛ" ስል አዳመጡኝ፤ "ሦስተኛ" ስል፣ "ፍርድ ቤት ነው እንዴ የቆምነው?" አሉ። የውብዳር ሳቋ አመለጣት። ያንቺን ታሪክ ስነግራቸው ግን አላቋረጡኝም። ማጠቡን፣ ማመሱን፣ ሁለቱን ዓመት። ሲያበቃ ቅሉን ከምድጃው ሥር አንሥተው፣ "እንግዲያው ጠበሉን እሷ ትጠጣው፣ ጨውን እንተወው" አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ፍርድ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ አላየሁም። ያልረጠበውን ለቅመን ክዳን ባለው ማሰሮ አስቀመጥነው፤ አሁን ያመጣሁት አዲሱ ከረጢት ደግሞ አልተነካም፣ እስክትወልድ ይበቃታል።

የውብዳር ማሰሮውን ይዛ ስትወጣ ወይዘሮ ጥሩዓለም ወደ በሩ አዩና ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አደረጉ። አንጉዬ፣ ከዚህ በፊት አንገታቸውን አይቼ አላውቅም፤ በሠርጉም ቀን ተከናንበው ነበር። ካንቺ አያንስም። በግራ በኩል እንደ ድንጋይ ቋጥሯል። "እኔም ብበላው ይጠፋልኝ ይሆን?" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያው ጥያቄ ነው። ምስሩም የለም፣ ቤታችንም አይደለም፣ ግን ያው ጥያቄ ነው፤ አፌ ላይ የመጣውም ያው መልስ ነበር፣ ጨውን አያቋርጡ የሚለው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና፣ "አይጠፋም" አልኳቸው። "የቆየ በጨው አይጠፋም። ይብሉት፣ ለሌላው ይጠቅማል፤ ይህን ግን የሚያወጣው ሐኪም ነው፣ አዲስ አበባ፣ በኦፕራሲዮን። ተኝተው ሲነሡ ትንፋሽዎ ያጥርዎታል?" አልኳቸው። ያጥረኛል አሉ። "እንግዲያው መንገዱ ሳይጨቀይ ይሂዱ፤ የሚፈራ ነገር ነው፣ አላባብልዎትም፤ ከፈቀዱ እኔ አብሬዎ እሄዳለሁ" አልኩ። ነጠላቸውን መልሰው፣ "መጀመሪያ ልጅቷ ትገላገል፣ ከዚያ አስብበታለሁ" አሉኝ። ይሂዱ አይሂዱ አላውቅም። ግን የሚያስቡበትን ነገር አውቀው ነው የሚያስቡበት።

ምሳ የጾም ምስር ወጥ ነበር። ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው ጨው የገባበት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ፤ አሁን ጓዳ መግባት ተፈቅዶልኛል። ወይዘሮ ጥሩዓለም ቀምሰው፣ "ጥሬ ጥሬ ይላል" ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ግን በሉ። የውብዳር ሁለት ጊዜ ጨምራ በላች። ቀና ብላ ውኃ ስትጠጣ አየኋት። ሎሚው እዚያው ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም፤ ዛሬ ቁጥር አልቀነስኩም። ሜትርም አላመጣሁም።

አሁን ቀትር አልፏል፤ ግቢው ውስጥ የወይራው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። መኪናው ነገ ይመለሳል። በየወሩ እመጣለሁ። ልጁ ሲወለድ መጀመሪያ በጆሮው አጠገብ አጨበጭባለሁ፤ ዘወር ካለ ለማንም ሳልናገር ላንቺ እጽፍልሻለሁ፤ ካላለም እጽፍልሻለሁ፣ እንዳለ፣ ሳልቀንስ። ሴት ከሆነች ስምሽን የውብዳር ልትሰጣት ትፈልጋለች፤ እኔ ስምሽን በተጠራ ቁጥር መስማት እችል እንደሆነ ገና አላወቅኩም፣ ግን እሽ ብያታለሁ። ሳስታውስሽ የምኖረው እንደምታውቂኝ ነው፣ አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳልዘል፤ ቀልድሽን፣ ትከሻሽን፣ ቅዳሜሽን፣ አንገትሽን።

ፈንታ ያለኝን በሙሉ ሰምተሽ ልሂድ ወይስ ልቅር ማለት ያንቺ ፋንታ ነበር። ለወይዘሮ ጥሩዓለም ዛሬ የሰጠሁትን እውነት ላንቺ በጊዜው አልሰጠሁሽም። እሱ ዕዳዬ አልተከፈለም።